በልቅሶ ድንኳን የተነበበው ዝርዝር

የአገራችን የአደጋ ሕጎች ከድርቅ የተወለዱ መሆናቸውን በቅጡ የተረዳሁት ከአንድ ቅጽ ላይ ነው። ሰበታ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት በሕግ ባለሙያነት በተቀጠርሁ በሦስተኛው ዓመት፣ የአደጋ ዝግጁነት ሥራ «ለሕግ ይቀርባል» ተብሎ ወደ እኔ ጠረጴዛ ተዛወረ። ከሥራው ጋር አንድ የብረት መደርደሪያ፣ በላዩም የፖሊሲው፣ የአዋጆቹና የመመሪያዎቹ ቅጂዎች፣ ከእነርሱ በታች ደግሞ የጉዳት መመዝገቢያ ቅጾች ተከትለው መጡ። ቅጹ የተጎጂውን ስም ከጠየቀ በኋላ ወዲያው የሞቱበትን በሬዎች፣ ላሞች፣ ፍየሎችና ግመሎች ብዛት ይጠይቃል። ሰበታ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ አብዛኛው ሰው ተከራይ ነው። እዚያ በሠራሁባቸው ዓመታት ግመል ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በጭነት መኪና ላይ ተንበርክኮ ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ።

ፖሊሲው ራሱ ለጎርፍም፣ ለእሳትም፣ ለግጭትም ቦታ ሰጥቶ ነበር። ቅጹ ግን ገና ከፖሊሲው ጋር አልተዋወቀም። ነገር ካልጠራ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ስለሆንሁ፣ ለከተማው የሚስማማ የአፈጻጸም መመሪያ ላርቅቅ ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ። ሥራውን የሚሻማኝ ስላልነበረ ወዲያው ተፈቀደልኝ። ቤቴ ቡራዩ ነበር፤ ጠዋት በአየር ጤና በኩል ዞሬ፣ ዓለም ገናን አልፌ ሰበታ እገባለሁ። በዚያ ረጅም መንገድ ታክሲ ውስጥ ረቂቁን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አርማለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የወንዙን ዳር በእግሬ እዞራለሁ። የትኛው ትምህርት ቤት ስንት የሚዘጋ በር እንዳለው፣ የትኛው እድር ድንኳንና ትልልቅ ድስት እንዳለው መዘገብሁ። በሕጉ «የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት» የተባለው በእኛ ሰፈር የእድሩ ጥሩምባ ነፊ መሆኑንም በግልጽ ጽፌ ነበር፤ አለቃዬ «ይኼ እኮ ለበላይ አካል የሚላክ ነው!» ብሎ አሰረዘኝ።

ከአንቀጾቹ ሁሉ አንዱን በተለይ እወደው ነበር። ርዳታ የሚሰጠው የነዋሪነት መታወቂያ ላለው ነው፤ መታወቂያ የሌለው እንደሆነ ግን ስሙ በሕዝብ ስብሰባ ላይ ይነበባል፤ ጎረቤቶቹ ከመሰከሩለት ይመዘገባል። በአንድ በኩል ያልተጎዳው ተጎጂ መስሎ እንዳይገባ ይከላከላል፤ በሌላ በኩል ከትውልድ ቀበሌው መሸኛ ሳያመጣ በቀረ የፋብሪካ ሠራተኛ ላይ በር አይዘጋም። አንቀጹን የጨረስሁ ዕለት፣ ወደ ቤቴ ስመለስ ደጋግሜ በልቤ አነበብሁት። አንዲት ቃል የምትነሣ ወይም የምትጨመር አላገኘሁም።

በዚያ ዘመን «ፕላን» የሚለው ቃል በእኛ ከተሞች በሰላም የሚነገር አልነበረም። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር ሊያያይዝ በታሰበው ማስተር ፕላን የተነሣው ተቃውሞ ሰበታንም፣ ቡራዩንም፣ ሱሉልታንም አዳርሷል። መንገዱ በድንጋይና በሚነድ ጎማ በተዘጋባቸው ቀናት ከቤት ሳልወጣ እውላለሁ፤ ሲከፈት ደግሞ በየሰፈሩ ሄጄ ረቂቁን አወያያለሁ። አንድ ቀን ከወንዙ ማዶ ባለው ሰፈር በዛፍ ጥላ ሥር ለተቀመጡ ሰዎች «የአደጋ ዝግጁነት ፕላኑን ይዤላችሁ መጥቻለሁ» ብዬ ስጀምር፣ አንድ ሽማግሌ አገጫቸውን በከዘራቸው ላይ አስደግፈው፣

«ፕላኑ ማስተር ነው ወይስ ተራ?» አሉኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። የሚያዝናና ሳቅ ግን አልነበረም።

«ተራ ነው፣ ኦቦ።»

«መሬት ይለካበታል?»

«አይለካበትም። ጎርፍ ቢመጣ ወዴት እንደምንሸሽ የምንነጋገርበት ነው።»

«እንዲህ በይና ጀምሪያ፣ ልጄ! እኛማ ደግሞ ወዴት ሊወስዱን ነው ብለን ነበር።»

እኚህ ሰው የዚያ ሰፈር እድር ዳኛ ነበሩ። ሰበታ ከተማ ሳትሆን ያውቋታል፤ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስማምተው ይናገራሉ። ቢሮ ስመለስ ከሽፋኑ ላይ «ፕላን» የሚለውን ሰርዤ «ዝግጅት» አልሁት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያየኝ ወንበር ማቅረብ ጀመረ።

ብዙ ሳይቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እንደ ሥራዬ ወግ አዋጁንም ማስፈጸሚያውንም አነበብሁ። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ የተከለከለ መሆኑን አስምሬበት፣ ገጹን አጥፌ መደርደሪያው ላይ ከመመሪያዬ ጎን አስቀመጥሁት። ሁለቱም ለክፉ ቀን የወጡ ሕጎች ናቸው። አንዱ ሰዉን ሰብስቡ እንደሚል፣ ሌላው ደግሞ አትሰብስቡ እንደሚል ግን አላስተዋልሁም። አቧራቸውን እያራገፍሁ ወራት አለፉ።

አዋጁ ተራዝሞ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ፣ በሐምሌ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንዙ ሞላ። የሰፈሩ ጥሩምባ ነፊ ውኃው ከላይኛው ድልድይ ሲደርስ አይቶ፣ ከዚያ ጀምሮ እየነፋ በሩጫ ወረደ። ጥሩምባ ሲነፋ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነውና፣ ሰዉ «ማን ሞተ? ማን ሞተ?» እያለ ከየቤቱ ወጣ። በመውጣቱም ዳነ፤ አንድም ሰው አልሞተም። ውኃው የወሰደው ከዋናዎቹ ቤቶች ጀርባ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ የተቀጠሉትን የኪራይ ክፍሎች ነበር። ብዙዎቹ ጨረቃ ቤት ከሚባሉት ናቸው፤ ያለ ፈቃድ በአንድ ሌሊት ተሠርተው ጠዋት ቆመው የሚገኙ። ከአርባ የሚበልጡ ቤተሰቦች ትምህርት ቤት ገቡ።

እሑድ ተጠርቼ ሄድሁ። የመማሪያ ክፍሎቹ ወለል ሲሚንቶ ነው፤ የሐምሌ ቅዝቃዜ ከእሱ ላይ ይነሣል። ሰዉ ዴስኮችን ገጣጥሞ አልጋ አድርጓቸዋል። በአንዱ ጥግ አንዲት ወጣት የሦስት ሳምንት ልጇን በሥራ ጋውኗ ጠቅልላ ተቀምጣለች። ከወላይታ የመጣች የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ባሏ ግንበኛ ነው፣ ኮዬ ፈጬ እየሠራ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመጣል። ከፊቷ ካለው ዴስክ ላይ ቅጼን ዘረጋሁ።

«መታወቂያ አለሽ?»

«የአገር ቤቱ ነበረኝ። ውኃ በላው።»

«መሸኛ አላመጣሽም ነበር?»

«ላመጣ ስል ፈቃድ ከለከሉኝ። ከዚያ አረገዝኩ። ከዚያ ወለድኩ። መሸኛው እዚያው አለ፣ እኔ ነኝ የመጣሁት።»

የዞኑ ቅጽ ገና አልተለወጠምና፣ ዓይኔ ወደሚቀጥለው ዓምድ ሄደ። ባዶ የሚተው ዓምድ ስለማልወድ ጠየቅኋት።

«የሞተብሽ ከብት አለ?»

መጀመሪያ የቀለድሁባት መስሏት አየችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ ልጁ እንዳይነቃ አፏን በእጇ ይዛ።

«ከብት የለኝም፣ እትዬ። አንዲት ባልዲ ነበረችኝ፣ እሷም ዋና አትችልም።»

«የማን ግቢ ነበርሽ?»

ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝና፣ «እማማ ግን ምንም እንዳይሆኑብኝ። እሳቸው ናቸው ያዋለዱኝ» ብላ ጨመረች።

አከራይዋ የገበሬ ሚስት የነበሩ ባልቴት ናቸው። የእርሻው መሬት ዙሪያውን እየተሸነሸነ ሲያልቅ፣ ከፊት ያለው ቤትና ወደ ወንዙ የሚወርደው ጠባብ ቁራሽ ብቻ ቀርቷቸዋል። እዚያ ቁራሽ ላይ የሠሯቸው አራት ክፍሎች መተዳደሪያቸው ነበሩ። ሰኞ ጠዋት ስሄድ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው፣ በተጣመመ ቆርቆሮና በተሰበረ አጠና መካከል ቆመው አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ከኋላ ስንት ተከራይ ነበረዎት?»

«ከኋላ ቤት የለኝም።»

«ይኼ ቆርቆሮስ?»

«ውኃ ያመጣው ነው። ከላይ።»

ሚስማሩ ገና አጠናው ላይ ነበር። የሚፈሩት ገብቶኛል። ተከራይ ነበረኝ ብለው ከመሰከሩ፣ ያለ ፈቃድ ሠርቻለሁ ብለው በገዛ አፋቸው መመስከራቸው ነው፤ የተረፈውን የፊቱን ቤት ደግሞ ማን ያውቃል። አልተጫንኋቸውም። ግን የዚያች አራስ ነገር በልቤ ከበደ። ብርድ ልብሱ፣ የላስቲክ ሸራውና ዱቄቱ የሚመጣው ሱሉልታ ካለው መጋዘን ነው። ወደ እኛ አቅጣጫ የሚሄደው መኪና በሳምንቱ ሰኞ ይነሣል፤ ዝርዝሩም ዓርብ እስከ እኩለ ቀን መድረስ አለበት። ይህ ካመለጠ የሚቀጥለው ከአንድ ወር በኋላ ነው። የሦስት ሳምንት ልጅ ደግሞ በዚያ ሲሚንቶ ላይ አንድ ወር አይከርምም።

ቢሮ ተመልሼ መመሪያዬን ገለጥሁ። መታወቂያ ለሌላቸው የሕዝብ ስብሰባ። ያንን ደስ ብሎኝ የጻፍሁትን አንቀጽ አነበብሁና፣ ዓይኔ ከጎኑ ወዳለው የታጠፈ ገጽ ሄደ። መታወቂያ ለሌለው ሰው የከፈትሁት አንድ በር ስብሰባ ነበር፤ ስብሰባ ደግሞ ዝግ ነው። ሕዝብ መሰብሰብ የማይችልበት አደጋ ይኖራል ብዬ አንድም ቀን አላሰብሁም፤ ይህንንም ያላሰብሁት መንገድ ተዘግቶብኝ ቤቴ እየዋልሁ ነው።

የፈቃድ ማመልከቻ ጽፌ ለከተማው የጸጥታ ኃላፊ ወሰድሁ። አነበበውና በጥንቃቄ አጣጠፈው።

«ወደ ላይ እልከዋለሁ» አለኝ። «ግን አልዋሽሽም፤ ዓርብ አይደርስም።»

ማክሰኞ የሰፈሩ አንድ አዛውንት ታመው ከቆዩበት አልጋ ላይ ዐረፉና ተቀበሩ። ረቡዕ ጠዋት የእድሩ ዳኛ ጫማቸውን በራፍ ላይ አራግፈው ቢሮዬ ገቡ። ስብሰባው እንዳልተፈቀደልኝ ከሌላ ሰው ሰምተዋል።

«ነገ ሥልስት ነው» አሉ፣ ሳይቀመጡ። «ሰው በሙሉ ድንኳን ውስጥ ነው። የስም ዝርዝሩን እዚያ አንብቢው።»

«ኦቦ፣ ልቅሶ ላይ የመንግሥት ቅጽ?»

«ሟቹን ልጅ ሆነን ነው የማውቀው። ስብሰባ የሚባል አምልጦት አያውቅም። አይቀየምም።»

«ቤተሰቡስ?»

«ጠይቄ ነው የመጣሁት።»

«አዋጁን በልቅሶ ስም ማታለል ይሆናል።»

«ለምን ታታልያለሽ? ሂጂና ንገሪያቸው፣ ከዚያ አንብቢ።» ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። «በእኛ ወግ ቡሳ ጎኖፋ የሚባል አለ። ከብቱ ያለቀበትን ሰው ወገኑ አዋጥቶ እንደገና ያቆመዋል። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ‹ማን ያውቀዋል?› ነው። ወረቀት ኋላ የመጣ ነገር ነው፣ ልጄ።»

ስለ አደጋ ምላሽና መልሶ ማቋቋም ያነበብሁትን ሁሉ በልቤ አገላበጥሁ፤ የትኛውም ነገሩን በዚህ እጥረት አልተናገረውም። ማስታወሻዬን አውጥቼ የተናገሩትን እንዳለ ጻፍሁ። እሳቸውም እየጻፍሁ ሳለ ወደ ብዕሬ ጎንበስ ብለው፣ «ወረቀት አያስፈልግም አልኩሽ እንጂ!» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጸጥታ ኃላፊው ተመልሼ፣ ምን፣ የት፣ በስንት ሰዓት እንደምናደርግ አንድ በአንድ ነገርሁት።

«ልቅሶ ማን ከለከለ?» አለ። «ከድንኳኑ አትውጡ። ማይክም እንዳይኖር።»

«ይህንን በጽሑፍ ቢሰጡኝ?»

ግንባሩን በእጁ ያዘ። «እህቴ፣ በጽሑፍ ካልሽኝ ወደ ላይ መላክ አለብኝ።»

በጽሑፍ አልጠየቅሁትም። ያለኝን ቃልና ሰዓቱን ብቻ ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርሁ።

ሐሙስ ዝናቡ የድንኳኑን ሸራ ይደበድባል። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው ተቀምጠዋል። ለሟቹ ጸሎት ተደርጎ፣ የመጣው ሰው እህል ከቀመሰ በኋላ ዳኛው ተነሥተው፣ «እንግዲህ ስም ይጠራል፤ የተጠራ ይነሣ» አሉና ወደ እኔ በእጃቸው አመለከቱ። ከዚህ በላይ ምንም አላሉም። እኔም ስሕተቱን ያየሁት የመጀመሪያውን ስም ከጠራሁ በኋላ ነው። በዚያ ድንኳን ውስጥ ስም የሚጠራው ከቀብር የቀረ ሰው ሊቀጣ ሲል ብቻ ነበር።

የተጠራችው ልብስ ሰፊ ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሣች። «ኧረ በናታችሁ! ማክሰኞ ያልመጣሁት ወድጄ ነው? ሲንጀር መኪናዬን ከጭቃ ሳወጣ ነው የዋልኩት!»

«እውነቷን ነው» አለች ከጎኗ ያለችው። «እኔ ነኝ በአንድ በኩል ይዤ ያወጣሁላት። እስከ ዛሬ ወገቤን ያመኛል።»

ሁለተኛውን ጠራሁ። አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ ከመጨረሻው ረድፍ እጁን አወጣ። «እኔ መጥቻለሁ! ጫማዬን ውኃ ወስዶት አፍሬ ከዛፍ ሥር ነው የቆምኩት እንጂ!»

«አይቼሃለሁ» አሉ ዳኛው። «የሴት ነጠላ ጫማ አድርገህ ነበር።»

ሳቁ ከወንዶቹ ተነሥቶ ወደ ሴቶቹ ተሻገረ። የሟቹ ባለቤት እንኳ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ሁሉም ከቀብር የቀረበትን ምክንያት ማስረዳቱን ቀጠለ፤ የሁሉም ምክንያት ደግሞ ውኃው ነበር። አንዱ ምንጣፍ፣ ሌላው የልጆች ደብተር፣ ሌላዋ ለገበያ ያሰናዳችው በርበሬ ሄዶባቸዋል፤ ለእያንዳንዱም ከጎኑ የሚመሰክር አለ። የሰፈሩ ባለሱቅ ሐጂ ደግሞ ሳይጠሩ ተነሥተው፣ «እኔ ቀብር መጥቻለሁ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ይመዝገብልኝ!» አሉ።

እኔ ሐሰት የማልወድ ሰው ነኝ። «ይቅርታ፣ ይህ የቅጣት ዝርዝር…» ብዬ ስጀምር ዳኛው እጃቸውን ወረቀቴ ላይ ጣሉና፣ «ተይ፣ ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ። «አሁን ካረምሻቸው ሁሉም ሰው ማልቀስ ይጀምራል። ሲያልቅ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ትክክል ነበሩ። ርዳታ ለማግኘት የሚናገር ሰው ጉዳቱን ያሳድጋል፤ ከወቀሳ ለማምለጥ የሚናገር ግን የሆነውን ይናገራል፣ ጎረቤቱም ያስተካክለዋል። ምስክር ስለ መስማት ዩኒቨርሲቲ ከተማርሁት ይልቅ በዚያች አንድ ሰዓት ያየሁት ይበልጣል። ብዕሬ አልቆመም። ዝርዝሩ ሊያልቅ ሲል አንድ ስም ላይ ብቻ ድንኳኑ በአንድ ድምፅ ተቃወመ፤ ሰውዬው ቤቱ ተጂ ከተማ ነው፣ ጎርፉን የሰማው በወሬ ነው አሉ። ሰረዝሁት።

የቀረኝ አንድ ስም ነበር፤ የአራሷ። እሷ ትምህርት ቤት ነች፤ የእድሩ አባልም አይደለችም። ጠራሁ። መልስ የለም።

«ማናት?» አለ አንዱ።

«አላውቃትም» አለች ሌላዋ።

ደግሜ ጠራሁ። አከራይዋ ባልቴት ከሴቶቹ መካከል ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ወደ እሳቸው ላለማየት ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተከልሁ። ዳኛውም የድንኳኑን ምሰሶ ይመለከቱ ነበር። ከዝናቡ በቀር የሚሰማ የለም። ያ ጸጥታ ጥቂት ቢረዝም ኖሮ ስሟን መዝለል ግዴታዬ ነበር፤ እዘለውም ነበር።

«የኔ ናት።»

ባልቴቷ ቆመዋል። እጃቸው መቀነታቸውን ጨብጧል።

«ተከራዬ ናት። ከኋላ ቤት። አራት ክፍል ነበረኝ፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ምን ታፈጡብኛላችሁ?» ወደ ዳኛው ዞሩ። «ማክሰኞ ያልመጣችው አራስ ሆና ነው። በእነዚህ እጆች ነው ያዋለድኳት። ልትቀጧት ከሆነ እኔን ቅጡኝ!»

«የሚቀጣት የለም፣ አዴ» አሉ ዳኛው በቀስታ።

ባልቴቷ ግን ወደ እኔ መጡ። «አንቺ ደግሞ ጻፊው። ፈቃድ የለኝም። እንዳለ ጻፊው።»

«እማማ፣ ቅጹ ፈቃድ አይጠይቅም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚጠይቀው?»

«የሞቱ ከብቶች ብዛት።»

«አንድ ዶሮ ሞታብኛለች» አሉ። «እሷን ጻፊልኝ።»

ጻፍኋት። ከዚያ ዳኛው ዝርዝሩ ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚሄድ ለሁሉም አስረዱ፤ የሚቃወም ካለ አሁን ይናገር አሉ። የተቃወመ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ብቻ፣ «እንዲህ መሆኑን ባውቅ መቀሱንም እጨምር ነበር» አለች።

ያን ቀን ማታ ቡራዩ ቤቴ ሆኜ ዝርዝሩን በጥሩ እጅ ገለበጥሁት። «የተጎጂው መኖሪያ» በሚለው ዓምድ ለአራሷ «ወንዝ ዳር፣ ጎርፍ የወሰደው ክፍል» ብዬ ጻፍሁ። የማን ግቢ እንደሆነ የሚጠይቅ ዓምድ የለም። በሙያ ዘመኔ ቅጽ ሳገኝ ዓምድ ሳልጨምርበት ቀርቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ምንም አልጨመርሁም። ቅጹ የጠየቀኝን ሁሉ በእውነት መለስሁ፤ ያልጠየቀኝን ለባለቤቶቹ ተውሁላቸው። ይህን በማድረጌ እስከ ዛሬ ልቤን ከብዶት አያውቅም።

ዓርብ በማለዳ ተነሥቼ አዲስ አበባን ሰንጥቄ፣ እንጦጦን ተሻግሬ ሱሉልታ ገባሁ። ጉም ሜዳውን ሸፍኖታል። የመጋዘኑ ኃላፊ መነጽሩን አድርጎ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየ።

«መታወቂያ ለሌላቸው የሕዝብ ምስክርነት ተብሏል። ስብሰባው የት ተደረገ?»

«በሰፈሩ እድር ድንኳን፣ በሥልስት ላይ። ለጸጥታ ኃላፊው አስቀድሞ ተነግሯል። ቃለ ጉባኤው ከኋላ ተያይዟል።»

ቃለ ጉባኤውን ገለጠ። አነበበ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁና የተቆጣ መሰለኝ።

«‹የሴት ነጠላ ጫማ አድርጎ ነበር› የሚለው መግባት ነበረበት?»

«የተባለውን ነው የጻፍሁት።»

ማኅተሙን አነሣና መታ።

መኪናው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ሰው ተሰልፎ፣ እኔ ከዝርዝሩ እየጠራሁ አስፈርማለሁ። አራሷ ተራዋ ሲደርስ ልጇን ታቅፋ መጣች፤ ባልቴቷም ዕቃውን ሊያግዟት አብረዋት ነበሩ። ብርድ ልብሶቹን ትከሻቸው ላይ ደርበው፣ የላስቲኩን ጥቅል በብብታቸው ያዙ።

«የት ነው የምትተክሉት?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አንተክለውም» አሉ ባልቴቷ። «ከፊቱ ቤት ጋር ነው የምትገባው። ጣሪያዬ ያፈሳል፣ ላስቲኩን እሱ ላይ አነጥፈዋለሁ።»

«ላስቲኩ እኮ የኔ ነው፣ እማማ» አለች ልጅቷ እየሳቀች።

«ጣሪያው ደግሞ የኔ ነው። ነይ፣ ሕፃኑን ብርድ አታስመቺው።»

ይህን ሲባባሉ ዝናቡ መጣ። ጥቅሉን ፈቱትና ራሳቸው ላይ ዘርግተው፣ ሕፃኑን መካከላቸው አድርገው በሜዳው ሮጡ። ልጅቷ አልፈረመችም ነበር። በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ እቤታቸው ሄድሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ውስጡ ደረቅ ነው፤ ሕፃኑ በአዲሱ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በባልቴቷ አልጋ ላይ ተኝቷል። እንዳልቀሰቅሰው ደጃፉ ላይ ቆሜ አስፈረምኋት።